ጣሪያው የሁሉም ነው፤ ገንዘቡም በበጋ ይጠራቀማል

በቂርያት ጋት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደወረደ በብዙ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጣሪያው ያፈሳል፤ ማነው የሚያሠራው?» ላይኛው ፎቅ ያሉት «ሕንፃው የሁላችን ነው» ይላሉ። ታችኛው ፎቅ ያሉት «እኛ ዘንድ ጠብታ የለም» ይላሉ። ቫዓድ ባይት፣ ማለትም የሕንፃው ኮሚቴ፣ «ካዝናው ባዶ ነው» ይላል። በዚህ መሐል ባልዲ ይደቀናል፣ ግድግዳው ይጠቁራል፣ ክረምቱም ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ክርክር እንደገና ይጀመራል።

እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች ይህን ጉዳይ የምናነሳው ግንበኞች ስለሆንን አይደለም። እርጥብ ቤት የሳንባ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስታውቋል። አስም ላለበት ልጅ በኩፓት ሖሊም መድኃኒት ይሰጠዋል። ልጁ ማታ ተመልሶ የሚተኛው የጠቆረ ግድግዳ ሥር ከሆነ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ገንዘብ ነው። የጣሪያ እድሳት ወጪ እንዴት ይታሰባል? እንዴት ይከፋፈላል? እንዴትስ ሳይከብድ ይጠራቀማል?

የእኛ አገር ጣሪያ ለምን ቶሎ ያረጃል?

ወላጆቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች የሚያውቁት የሣር ክዳን ቁልቁለት ነበረው፤ ውኃው ሳይቆም ይወርዳል። የሣር ክዳን እንደሚያረጅም ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ያድሰው ነበር።

እዚህ ያለው ጣሪያ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃው ፈጥኖ አይወርድም፤ ጉድጓድ ባገኘበት ይተኛል። ውኃውን የሚከለክለው ኮንክሪቱ ሳይሆን በላዩ ላይ የተደረገው ኢቱም ነው። ኢቱም ማለት ውኃ እንዳያልፍ የሚሠራ ሽፋን ነው፤ ወይ የሚቀባ ዜፌት (ሬንጅ) ነው፣ ወይ በእሳት እየተለበለበ የሚነጠፍ የቢቱሜን ምንጣፍ ነው።

ከተማችን በኔጌቭ ደጃፍ ላይ ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ፀሐዩ ያንን ጥቁር ሽፋን ያደርቀዋል፤ ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ዝናቡ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ላይ ይወርዳል። በበጋ የተከፈተውን ስንጥቅ ክረምት ይገባበታል። በዚህ ላይ የዱድ ሼሜሽ እግሮች፣ የሳተላይት ሳህኖችና የማዝጋን ማሽኖች ጣሪያው ላይ ይቆማሉ። አንድ ሰው ሽፋኑን በብሎን በበሳው ቁጥር አዲስ የውኃ መግቢያ ይከፈታል።

ጣሪያው የማን ነው?

በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ (ሖቅ ሃመቃርቄዒን) በጋራ ሕንፃ ውስጥ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳውና ደረጃው የጋራ ንብረት መሆናቸውን ይናገራል። የጋራ ንብረትን በደህና ሁኔታ ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ወጪ እያንዳንዱ የቤት ባለቤት መክፈል አለበት። ድርሻው የሚሰላው በቤቱ ወለል ስፋት ነው፤ የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ (ታቃኖን) ሌላ አከፋፈል ካልወሰነ በስተቀር። በምድር ቤት የሚኖርም ሆነ በላይኛው ፎቅ የሚኖር በዚህ አይለይም።

«እኔ ዘንድ አልፈሰሰም» ማለት በሕግ ነፃ አያወጣም። በነገሩም ቢሆን ትክክል አይደለም። በጣሪያው የገባ ውኃ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ዛሬ የላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ የታየው ቢጫ ነጥብ ከዓመታት በኋላ የሕንፃው ሁሉ ችግር ይሆናል።

ሁለት ነገሮችን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛ፣ ጣሪያው በታቡ ምዝገባ ለአንድ ቤት ተለይቶ የተያያዘ ከሆነ አከፋፈሉ ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ኔሳሕ ታቡ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ ሕንፃው በፒኑይ ቢኑይ ዕቅድ ውስጥ ካለ በቅርብ ይፈርስ እንደሆነ ጠይቁ። ዕቅድ አለ ማለት ግን ነገ ይፈርሳል ማለት አይደለም። ዓመታት የሚቀሩት ከሆነ ጣሪያው መታደስ አለበት።

ከመክፈል በፊት ምርመራ

በሕክምና መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሕመሙ ይመረመራል። ጣሪያም እንዲሁ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ገንዘብ ያድናሉ።

ውኃው የሚመጣው ከዝናብ በኋላ ብቻ ነው? ከሆነ ጣሪያው ወይም የውጭ ግድግዳው ይጠረጠራል። በበጋም ያንጠባጥባል? እንግዲያው ቧንቧ ወይም ዱድ ነው፤ ጣሪያውን በሙሉ ማሳደስ ገንዘብ መጣል ይሆናል። ሻጋታው በክፍሉ ማዕዘን፣ በመስኮቱ ዙሪያና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ብቻ ነው? ይህ ብዙውን ጊዜ ከማብሰልና ከልብስ ማድረቅ የሚመጣ እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የሚፈጥረው እርጥበት ነው። መስኮት መክፈት፣ ልብስን ውጭ ማድረቅና ዕቃውን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ይረዳል።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ለጤናችሁ እነዚህን አትርሱ። ውኃ በመብራት ወይም በሶኬት በኩል ከወረደ የዚያን ክፍል መብራት ከኤሌክትሪክ ሣጥኑ አጥፉ። ሻጋታ ስታጸዱ ኤኮኖሚካን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። በሻጋታው ላይ ቀለም መቀባት ለጥቂት ወር ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። እርጥቡን ክፍል ለማድረቅ ብላችሁም ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጣሪያው ወይም በግቢው ያለ መጋዘን የአስቤስቶስ ክዳን ካለው ደግሞ አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ አትጥረጉት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት የማንሳቱ ሥራ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው የአስቤስቶስ ቃብላን ፈልጉ፤ ወጪውንም ለብቻው አስሉት።

ዋጋው ምን ምን ይዟል?

ቢያንስ ከሦስት ቃብላኖች የጽሑፍ ዋጋ (ሃፃዓት መሒር) ተቀበሉ። ጣሪያው ላይ ሳይወጣ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ገና በሽተኛውን አላየም። ሦስቱን ዋጋ ለማወዳደር ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ መጻፍ አለባቸው። በወረቀቱ ላይ እነዚህን ፈልጉ፦

• የጣሪያው ስፋት በካሬ ሜትርና የአንዱ ካሬ ዋጋ።
• የሽፋኑ ዓይነትና ውፍረት። የቢቱሜን ምንጣፍ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ነው።
• አሮጌው ሽፋን ይነሳል ወይስ በላዩ ላይ ይሠራል? ቆሻሻውን የሚያነሳው ማነው?
• ውኃው ወደ መውረጃው (ማርዜቭ) እንዲሄድ የወለሉ ተዳፋት ይስተካከላል?
• በጣሪያው ዙሪያ ባለው አጥር ሥርና በቧንቧዎች ዙሪያ ያለው ሥራ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው።
• ዱዶቹን አንስቶ የመመለሱ ሥራ በማን ወጪ ነው?
• ሥራው ሲያልቅ በውኃ ይፈተናል? የተለመደው ፈተና መውረጃውን ዘግቶ ጣሪያው ላይ ለ72 ሰዓት ውኃ ማቆም ነው። ይህን የሚያደርገው ባለሙያ ብቻ ነው።
• ዋስትናው ለስንት ዓመት ነው? ማንስ ይፈርማል?
• ዋጋው ማዓምን ይጨምራል? ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማዓም 18 በመቶ ነው።

ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። የሚቀባ ሬንጅ ዛሬ ጥቂት ያስከፍላል፤ ነገር ግን በአጭር ጊዜ መደገም አለበት። በደንብ የተነጠፈ ምንጣፍ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ዋጋውን ለሚያገለግልበት ዓመት አካፍሉት፤ እውነተኛው ዋጋ ያኔ ይታያል። ነጭ መከላከያ ያለው ሽፋን ፀሐዩን ስለሚመልስ የላይኛውን ፎቅ ሙቀትም ይቀንሳል፤ በኦገስት ለሚቸገሩ አረጋውያን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሌቱን አብረን እንሥራ

የሚከተለው ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሦስት መግቢያ፣ ሦስት ፎቅና 18 ቤቶች ያሉት ሕንፃ እንውሰድ። 8ቱ ቤቶች 60 ካሬ ሜትር ናቸው፤ በድምሩ 480። 10ሩ ቤቶች 70 ካሬ ሜትር ናቸው፤ በድምሩ 700። ሁሉም አንድ ላይ 1,180 ካሬ ሜትር ይሆናል።

የተመረጠው ዋጋ ያለ ማዓም 50,000 ሸቅል ነው እንበል። ማዓም 9,000 ሸቅል ሲጨመር 59,000 ይሆናል። ሽፋኑ ሲነሳ ያልታሰበ ስብራት ሊገኝ ስለሚችል 10 በመቶ መጠባበቂያ እንያዝ፤ 5,900 ሸቅል ነው። ጠቅላላው በጀት 64,900 ሸቅል ሆነ።

64,900 ለ1,180 ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሜትር 55 ሸቅል ይመጣል። ስለዚህ የ60 ካሬ ቤት ድርሻ 3,300 ሸቅል ነው፤ የ70 ካሬ ቤት ድርሻ 3,850 ሸቅል ነው። 3,300 ሸቅል በአንድ ቀን አምጡ ቢባል ብዙ ቤተሰብ አይችልም። በ22 ወር ሲከፈል ግን ትንሹ ቤት በወር 150፣ ትልቁ ቤት በወር 175 ሸቅል ይከፍላል። በኖቬምበር የተጀመረ መዋጮ ሁለተኛው ዓመት አልፎ በሦስተኛው ዓመት ኦገስት ላይ ይሞላል፤ ይኸውም ጣሪያው በደረቀበት፣ ለሥራ በተመቸበት ወር ነው። መጠባበቂያው ካልተነካ ደግሞ ለቀጣዩ ጥገና ይቀመጣል።

እስከዚያ ያለውን ክረምት ለማለፍ የሚደረገው ትንሽ ጥገና የራሱ ወጪ አለው። እሱንም በበጀቱ ላይ ጻፉት፤ «ጊዜያዊ ነው» ተብሎ ሳይጻፍ የሚወጣ ገንዘብ ነው ካዝና የሚያራቁተው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ማኅበረሰባችን እቁብን ያውቃል። በየወሩ ጥቂት አዋጥቶ ትልቅ ነገር መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። የጣሪያ መዋጮ ከእቁብ የሚለየው ዕጣው ለአንድ ሰው አለመውጣቱ ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ለሕንፃው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በማንም ኪስ ወይም የግል ሂሳብ አይቀመጥ። በቫዓድ ባይት ስም የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ፤ ክፍያው በሆራአት ኬቫ በየወሩ ይውጣ። በየሦስት ወሩ ማን እንደከፈለ ሳይሆን ምን ያህል እንደተጠራቀመ መግቢያው ላይ ይለጠፍ። ሰው ገንዘቡን ሲያይ ያምናል፤ ሲያምን ይከፍላል።

በየሕንፃው በእርግጥ የማይችል ይኖራል። በጡረታ ብቻ የሚኖሩ አዛውንት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አሉ። ስማቸውን በስብሰባ መጥራት ያሳፍራቸዋል። ኮሚቴው ለብቻ አነጋግሮ ጊዜውን ያራዝምላቸው። የከተማውን ሬቫሓ ወይም ኦገን የተባለውን ወለድ አልባ ብድር የሚሰጥ ማኅበር መጠየቅም ይቻላል፤ ብድር የራሱ መስፈርት አለው። ከመንገድ አበዳሪ ግን ለጣሪያ አትበደሩ። የጣሪያው ቀዳዳ ይደፈናል፤ ያኛው ቀዳዳ ግን ቶሎ አይደፈንም።

የቤት ኢንሹራንስ አለን የምትሉ ውሉን አንብቡ። ብዙ ውሎች የቧንቧ ፍንዳታን ይሸፍናሉ፤ በአረጀ ጣሪያ የገባ ዝናብን ግን አይሸፍኑም።

ጎረቤት እምቢ ሲል

መጀመሪያ ስብሰባ (አሴፋ) ይጠራ። በተለመደው ታቃኖን መሠረት ማስታወቂያው ቢያንስ ከ4 ቀን በፊት ይወጣል። ሦስቱ ዋጋዎች፣ የስንጥቁ ፎቶና የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ በወረቀት ይቅረቡ። ዕብራይስጥ የማያነብ ጎረቤት ካለ ይተርጎምለት፤ ያልገባውን ነገር የሚፈርም ሰው በኋላ ይጣላል። ውሳኔው በፕሮቶኮል ይጻፍ።

ቤቱ የሚፈስበት ሰውም መብት አለው። ያው ታቃኖን፣ ካልተጠገነ ቤቱን የሚጎዳ የጋራ ንብረት እንዲጠገን ኮሚቴውን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄውን በቀን በተጻፈ ደብዳቤ ያቅርብ፤ ፎቶም ያያይዝ። አልሆን ካለ ጉዳዩ ወደ መሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ (መፋቄሕ አል ሪሹም መቃርቄዒን) ይሄዳል፤ በጋራ ሕንፃ ክርክር የመፍረድ ሥልጣን አለው። ከዚያ በፊት ግን ለቫዓድ ባይቶች ምክር የሚሰጠውን የአጉዳ ለታርቡት ሃዲዩርን ማኅበር ጠይቁ። ፍርድ ጣሪያውን ያሠራል፤ ጉርብትናን ግን አያሠራም።

ተከራይ ከሆናችሁስ?

ከግለሰብ የተከራየ ሰው ጣሪያ የማሳደስ ዕዳ የለበትም፤ የባለቤቱ ነው። በ2017 የተሻሻለው የኪራይ ሕግ ባለቤቱ ጉድለትን በ30 ቀን ውስጥ፣ ለመኖር የሚያስቸግር አስቸኳይ ጉድለትን ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ እንዲያስጠግን ያዛል። ቀኑ የሚቆጠረው ጥያቄው ከቀረበ ጀምሮ ስለሆነ በጽሑፍ ወይም በመልእክት ጠይቁ። በአሚዳር ቤት የምትኖሩ ፍሳሹን ለአሚዳር አመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቁጥርም ያዙ።

እንደ ካርሜ ጋት ባሉ አዲስ ሰፈሮች ከሠሪው ኩባንያ የገዛችሁ ደግሞ ለመክፈል አትቸኩሉ። በመኖሪያ ቤት ሽያጭ ሕግ መሠረት የኢቱም ጉድለትን ሠሪው ለ4 ዓመት ያህል የመጠገን ግዴታ አለበት። ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ አሳውቁ።

ጣሪያው ላይ የሚወጣውም ሰው ነው

ከወገኖቻችን ብዙዎች በግንባታና በጥገና ሥራ ላይ ናቸው። ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የመውደቅ አደጋ ባለበት ቦታ የሚሠራ ሰው በ2007 በወጣው ደንብ መሠረት የከፍታ ሥራ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ሠራተኛ ከሆናችሁ የደህንነት ቀበቶና ጥላ ያለው የዕረፍት ጊዜ ጠይቁ። በኦገስት ጥቁር ሬንጅ ላይ እሳት ይዞ መሥራት በፀሐይ ምት ሊጥል ይችላል፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምር ውረዱ። በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በቢቱዋሕ ሌዑሚ እንደ ግል ሠራተኛ ተመዝገቡ። ሳይመዘገብ የወደቀ ሰው የሥራ አደጋ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

አሠሪው ቫዓድ ባይትም ቃብላኑ ለሠራተኞቹና ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዳለው ወረቀቱን ይይ፤ በራሻም ሃቃብላኒም መመዝገቡንም ያጣራ። ክፍያው ሥራው በሄደበት መጠን ይከፈል፤ የመጨረሻው ድርሻ ከውኃው ፈተና በኋላ ይሰጥ። ለነጋዴ ከ6,000 ሸቅል በላይ የሆነ ዋጋ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ መክፈል በሕግ ክልክል ነው። በባንክ ክፈሉ፤ ሔሽቦኒትም ተቀበሉ። ያለ ሔሽቦኒት ዋስትናውን ማስከበር ከባድ ነው።

የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ

ከፔሳሕ በኋላ፦ ክረምቱ ያሳየው ጉዳት በፎቶ ይያዝ፤ ባለሙያ ጣሪያውን ይይ። እስከ ሻቩዖት፦ ሦስት ዋጋዎች ይሰብሰቡ፤ ስብሰባ ይጠራ። ጁላይና ኦገስት፦ ሥራው ይሠራ፤ ገንዘቡ ገና ካልሞላ ስንጥቆቹ ብቻ ይደፈኑ። ከሱኮት በፊት፦ የውኃ መውረጃዎች ከቅጠልና ከአፈር ይጸዱ። ከስግድ ሰሞን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው የላይኛውን ፎቅ ጎረቤቶች «ደህና አደራችሁ? አልገባባችሁም?» ብሎ ይጠይቅ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። 64,900 ሸቅል ለአንድ የላይኛው ፎቅ ቤተሰብ የማይነሳ ሸክም ነው፤ ለ18 ቤት ግን በወር 150 እና 175 ሸቅል ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ የቫዓድ ባይቱን ሰብሳቢ የሕንፃው ጣሪያ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ስብሰባው መጠራት ያለበት አሁን ነው።